«ብሊ ሚክጾዓ» የተባለው አባታችንና የትንሿ ሥራ

 

ባለፈው በጋ አንድ የዘመድ ሠርግ ላይ ነበርን። ምግቡ ተነሥቶ ወጣቱ እስክስታ ሲወርድ፣ ከእናታችን ጎን የተቀመጡ አንዲት የአገራችን ሰው ጠጋ ብለው «ትንሿ ልጅሽ ደግሞ ምን ትሠራለች?» ብለው ጠየቋት። እናታችን ቀና ብላ «ምሃንዴሴት ናት» አለች። «እሰይ! የምን? የኮምፒውተር?» «አይ፣ የሖማሪም።» ሴትዮዋ ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ እጇን ያዝ አድርገው «አይዞሽ እኅቴ፣ ሥራ ሁሉ ክቡር ነው» አሏት።

እኛ ልጆቿ ከኋላ ሆነን ሳቃችንን ዋጥን። ሴትዮዋ ግን ጥፋት የለባቸውም። እናቶቻችን ዕብራይስጥን የተማሩት ከባልዲና ከመወልወያ ጋር ነው። «ሖመር» ሲባል ቶሎ የሚመጣላቸው «ሖምሬ ኒኩይ» ነው፤ ኤኮኖሚካው፣ የወለል ሳሙናው፣ እጅ የሚልጠው የመጸዳጃ ቤት ማጽጃ። እናታችን ራሷ ትንሿ ትምህርቱን የጀመረች ሰሞን እንዲያ ነበር የመሰላት። «እኔ አሥራ አምስት ዓመት የትምህርት ቤት ኮሪደር የወለወልኩት፣ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የማጽጃ መሐንዲስ እንድትሆን ነው?» ብላ ሌሊት ስታለቅስ ሰምተናታል። ለማስረዳት ብዙ ደከምን። አልተሳካልንም። የተሳካለት ማንም ያልጠበቀው ሰው ነው፤ ወደ እሱ እንመጣለን።

ይህን የምንጽፍላችሁ የአንድ ቤት ልጆች ነን። አምስት ነን፤ አራታችን እዚያ፣ ትንሿ እዚህ የተወለድን። ብዕሩን የያዘው ከመካከላችን ኦቬድ ሶትስያሊ የሆነው ነው፤ ነገሩ ግን የሁላችንም ስለሆነ «እኛ» እያልን እንቀጥላለን። ትንሿንም አባታችንንም አስፈቅደናል። ትንሿ «ስሜን ብቻ አታውጡ» ብላለች።

መጀመሪያ ሥራው ምን እንደሆነ። ሖማሪም ማለት ዕቃ ሁሉ የሚሠራበት ነገር ነው፤ ብረት፣ አልሙኒየም፣ መስታወት፣ ሸክላ፣ ፕላስቲክ፣ ላስቲክ። ድልድይ የሚነድፍ መሐንዲስ አለ፣ ሞተር የሚነድፍም አለ። «ከየትኛው ብረት ይሠራ? ስንት ዓመት ይችላል? ሲሞቅ ምን ይሆናል? ይኼኛው ደግሞ ለምን ተሰበረ?» ብሎ የሚጠይቀው ግን የሖማሪም መሐንዲሱ ነው። ከእናንተ መካከል ጉልበታችሁን ያስቀየራችሁ ብዙ ናችሁ። የተተከለላችሁ ብረት ብዙውን ጊዜ ኮባልትና ክሮም የሚባሉ ብረቶች ተቀላቅለው የተሠራ ነው፤ በመካከሉ ያለችው ነጭ ትራስ ፕላስቲክ ናት። ዳሌ ውስጥ የሚገባው ዘንግ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ታይታኒየም ነው፤ አጥንት ስለሚቀበለው። የሰው ደም ጨው ነው፣ ብረት ያዝጋል። እዚያ ውስጥ ሳይዝግ፣ በየቀኑ ደረጃ እየወጣችሁበት እንዲቆይ ቁጭ ብሎ የመረጠላችሁ ሰው አለ። የትንሿ ዓይነት ሰው ነው።

አሁን ግን ወደ ደምቢያ እንመለስ፤ ነገሩ የሚጀምረው ከዚያ ነውና።

ትልልቆቻችን እናስታውሳለን። ከቤታችን ጓሮ አንዲት የሣር ጎጆ ነበረች፤ ውስጧ መሬት ላይ የተቆፈረ ምድጃ፣ ሁለት የፍየል ቆዳ ወናፍ። ወናፍ መንፋት የልጅ ሥራ ነበር። አንዱን ስታነሣ ሌላውን ትጫናለህ፣ ነፋሱ እንዳይቋረጥ። አባታችን ከመስፉ ፊት ይቀመጣል፤ በግራው ጉጠት፣ በቀኙ መዶሻ። ብረቱ ከገበያ የሚለቀም ቁርጥራጭ ነው። ከሁሉ አስበልጦ የሚወደው ከተሰበረ መኪና የወጣ ባሌስትራ ነበር። ባሌስትራ የተገኘ ቀን ቤቱ በዓል ይመስላል። ምኑ እንደሚያስደስተው ያኔ አናውቅም።

ማረሻ፣ ማጭድ፣ መጥረቢያ፣ ዶማ ይሠራ ነበር። እናንተ እንደምታውቁት አያቶቻችን ርስት አልነበራቸውም፤ የሰው መሬት እያረሱ፣ ሰውየው ወደ ብረቱና ወደ ሽመናው፣ ሴቲቱ ወደ ሸክላው። በ1975 (በአገራችን አቆጣጠር 1967) የመሬት አዋጁ ሲወጣ ለአባታችንም ቁራሽ መሬት ደረሰችው። ቢሆንም ያኖረን መዶሻው ነው።

ስሙንም ታውቁታላችሁ፤ መጻፉ ራሱ ያሳፍራል። ቡዳ። ጎረቤቱ ጠዋት ማረሻ ሊያስመታ ይመጣል፤ ማታ ልጁን ሆዱን ቢያመው የእኛን ቤት ስም ይጠራል። ሌሊት ጅብ ይሆናሉ ይሉናል። ከብት ስንጠብቅ የሌላው ልጆች «የቀጥቃጭ ልጅ» እያሉ ይከተሉን ነበር። ወናፉን እንወደዋለን፣ ስሙን እንጠላዋለን። ሁለቱም በአንድ ልጅ ሆድ ውስጥ አብረው ያድራሉ።

ከመንደር ስንወጣ አባታችን መስፉን ሸጦ ለመንገድ አደረገው። አዲስ አበባ ከርመን በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን መጣን። ብዕሩን የያዘው የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር።

ሁለት ዓመት ቆየት ብሎ፣ ካራቫን ውስጥ ስንኖር፣ ትንሿም በተወለደች ሰሞን፣ አባታችን ወደ ሥራ ማስያዣው ቢሮ ተጠራ። እንደ ሁላችሁም ቤት በእኛም ቤት አስተርጓሚዎቹ ልጆቹ ነበርን። ሐኪም ቤት፣ ባንክ፣ የራሳችን ትምህርት ቤት ስብሰባ ሳይቀር እኛ ነን የምንተረጉመው። (ስለራሳችን የተነገረውን ክፉ ነገር ስንት ጊዜ አሳምረን እንደተረጎምን እናንተም ሳታውቁት አትቀሩም።) ያን ቀን የአሥራ ሦስትና የአሥራ አንድ ዓመት ልጆች ሁለታችን አብረነው ሄድን።

ፀሐፊዋ «ማ ሃሚክጾዓ ሼሎ?» አለች። ሙያው ምንድን ነው? ነገርነው። አባታችን ወንበሩ ላይ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። «ባለ እጅ ነኝ በሏት። ብረት እሠራለሁ። ማረሻም፣ መጥረቢያም፣ የተሰበረ ጠመንጃም እጠግናለሁ በሏት።»

እኛ ተያየን። እውነት ለመናገር ብረት ቀጥቃጭ በዕብራይስጥ ምን እንደሚባል አናውቅም ነበር። «ነፓሕ» የሚለውን ቃል የሰማነው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ግን ብናውቀውም አንለውም ነበር። ያ ስም ተከትሎን እዚህ እንዳይመጣ፣ ነገ ትምህርት ቤት እንዳይሰማ ፈራን። ከበሩ ውጭ ሌሎች የአገራችን ሰዎች ተራ ይጠብቃሉ፤ እነሱም እንዳይሰሙ ፈራን። «ሐቅላይ» አልናት። ገበሬ።

«ትራክተር ይነዳል?» አለች። አይነዳም አልናት። ቅጹ ላይ አንድ ነገር ጻፈች፤ እኛ ማንበብ እንችል ስለነበር አነበብነው። ብሊ ሚክጾዓ። ሙያ የሌለው።

ከወር በኋላ ሥራ ተሰጠው። ነገር ሲገርም፣ የተላከው የብረት ፋብሪካ ነው፤ በመጥረጊያ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከመፍጫና ከመቁረጫ መኪናዎች ሥር የብረት ብናኝ ሲጠርግ ኖረ። ማታ ሲመጣ ልብሱ የሚሸተው ያው የደምቢያው ጎጆ ሽታ ነበር። ይህንን እርስ በርሳችን እንኳ ተናግረነው አናውቅም።

አንድ ጊዜ፣ ፋብሪካው ውስጥ አሥር ዓመት ያህል ከሠራ በኋላ፣ እራት ላይ እንዲህ አለን። «ዛሬ ብረት አደባልቀዋል። ሲፈጩት ብልጭታው ሌላ ነው።» ለአለቃው በምልክት ሊያሳየው ሞክሮ፣ አለቃው ከብልጭታው ራቅ እንዲል የሚለምን መስሎት መነጽር ሰጠው። እኛም ሳቅን። ዛሬ ትንሿ እንደነገረችን ከሆነ የብልጭታ ፈተና የሚባል እውነተኛ ዘዴ ነው። ካርቦን የበዛበት ብረት ሲፈጭ ብልጭታው እንደ ኮከብ እየተሰነጠቀ ይፈነዳል፤ ካርቦኑ ትንሽ የሆነው ረጅምና ቀጥ ያለ መስመር ይሆናል። አባታችን ይህን በዓይኑ ያነብ ነበር። መጥረጊያውን እንደያዘ።

ትንሿ በዚህ ሁሉ የለችበትም። እሷ የምታውቀው አባት ዝምተኛ፣ ጠራጊ፣ «አገር ቤት ገበሬ የነበረ» ነው። እንዲያ ብለን ነግረናት ነበርና።

ወደዚህ ሙያ የወሰዳት ምን እንደሆነ ስትጠየቅ ኢላን ራሞንን ታነሣለች። ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ፤ የካቲት 1 ቀን 2003፣ ሰንበት ነበር። ሰንበት ወጥቶ ቴሌቪዥኑ ሲከፈት ኮሎምቢያ ከነሰባት ሰዎቿ ሰማይ ላይ ተበታትናለች። ትንሿ የአሥር ዓመት ልጅ ነበረች። በኋላ መንስኤው ሲነገር አላምንም አለች። ከነዳጅ ታንኩ ላይ የተቦጨቀ ስፖንጅ መሳይ ነገር፣ ክብደቱ አንድ ኪሎ እንኳ የማይሞላ፣ የግራ ክንፏን ፊት መትቶ ነው ተባለ። መርማሪዎቹም አላመኑም ነበር፤ ስለዚህ ያንኑ የመሰለ ቁራጭ በመድፍ ዓይነት መሣሪያ ተኩሰው ሞከሩት። ከካርቦን በተሠራው የክንፍ ሽፋን ላይ ወደ 40 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ቀዳዳ ከፈተ። ትንሿ አባታችንን «ለስላሳ ነገር እንዴት ጠንካራ ነገር ይሰብራል?» አለችው። እሱም ሳያስብ «ጠንካራ ስለሆነ ነዋ። ልስልሱ ይጎብጣል፣ ደረቁ ነው የሚሰበር» አላት። ከዚያ ወደ ጓዳ ገባ። ገበሬ ይህን ከየት ያውቃል ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ስለ ትምህርቱ ለወላጆች ባጭሩ። ከሁሉ የሚሻለው የአምስት ዬሂዶት ሒሳብና ፊዚክስ ነው፤ ልጃችሁን አሥረኛ ክፍል ላይ «ሦስት ይበቃዋል» የሚሏችሁ ካሉ ሄዳችሁ ተከራከሩ፣ ብቻችሁን ካልቻላችሁ አንዳችንን ይዛችሁ ሂዱ። ትንሿም እንዲህ ተብላ ነበር። ከሠራዊት በኋላ አንድ ዓመት መሰናዶ ተማረች፤ ከዚያ ሐይፋ ቴክኒዮን፣ አራት ዓመት። በቤር ሼቫ ቤን ጉሪዮን ዩኒቨርሲቲም ይህ ትምህርት አለ።

ሁለተኛው ዓመት ላይ ተሰበረች። አንድ ፈተና ሁለት ጊዜ ወደቀች። ዓርብ ማታ መጥታ፣ ዳቦው ተቆርሶ ሳያልቅ፣ «አቆማለሁ። ይህ ለእኛ ዓይነት ሰው የተሠራ አይደለም። እዚያ ያሉት ልጆች አባቶቻቸው መሐንዲሶች ናቸው፤ ከሕፃንነታቸው ሲሰሙት ያደጉት ነው» አለች። እኛ የተማርነው ልጆቿ፣ በተለይ በሥራችን ሰው የምናጽናናው፣ የሚባለውን ሁሉ አልን። የሚረባ አልነበረም።

አባታችን «የወደቅሽው ምኑን ነው?» አላት። ስለ ብረትና ካርቦን ነው አለችው። እየተበሳጨችም ቢሆን ነገረችው። ብረት ውስጥ ጥቂት ካርቦን አለ፤ ባሌስትራ ውስጥ እንኳ ከመቶ ግማሽ እጅ ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ነው። ብረቱ ከ727 ዲግሪ በላይ ሲግል የውስጡ አሰላለፍ ይለወጣል፣ ካርቦኑም ይሟሟል። ቀስ ብሎ ከቀዘቀዘ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል፣ ብረቱ ልስልስ ይሆናል። በድንገት ከቀዘቀዘ ግን ካርቦኑ መውጫ አጥቶ እንደተቆለፈ ይቀራል፤ ማርቴንሳይት ይሉታል፤ ጠንካራ ነው፣ እንደ ብርጭቆም ይሰበራል። «ሥዕሉን መሳል አለብህ፣ መስመሮቹን ሁሉ መሸምደድ አለብህ፣ እኔ ምንም አይታየኝም» አለች። አባታችን ሰምቶ ዝም አለ።

ሰንበት እንደወጣ ከእናታችን የስፌት ሳጥን ሦስት መርፌ አወጣ። የጋዝ ምድጃውን ለኮሰ፣ መብራቱን አጠፋ። ቀለሙ በጨለማ ነው የሚታየው። አንደኛውን መርፌ በፒንሳ ይዞ እስኪቀላ አጋለና ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ከተተው። ጭስ አለ። «ያዢ፣ እጠፊው» አላት። ገና ስትነካው ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ሁለተኛውን እንዲሁ አጋለና ከእሳቱ ላይ ቀስ እያለ አርቆ፣ በአየር አቀዘቀዘው። ይኼኛው እንደ ሽቦ ጎበጠ፤ አልተሰበረም። ሦስተኛውን አጋለ፣ ውኃ ውስጥ ከተተ፣ አውጥቶ በብርጭቆ ወረቀት አጸዳው፤ ከዚያ ከእሳቱ ከፍ አድርጎ ትንሽ ብቻ አሞቀው። ብረቱ ላይ ቀለም መሮጥ ጀመረ፤ መጀመሪያ እንደ ገለባ ቢጫ፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ ቀጥሎ ሰማያዊ። ሰማያዊው ላይ አነሣው። ያ መርፌ ሲታጠፍ ተመልሶ ቀጥ ይላል።

«የመጀመሪያው ለምንም አይሆንም» አለ። «ሁለተኛው ማረሻ ቢሆን ድንጋይ ሲመታ ይጣመማል። ሦስተኛው ነው የሚታረስበት።»

ትንሿ ሦስቱን መርፌዎች ገበታው ላይ አሰልፋ ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። ከዚያ «አባዬ፣ ይህን ማን አስተማረህ?» አለችው።

«አባቴ።»

«አያቴ ገበሬ አልነበረም እንዴ?»

አባታችን እኛን አየን። ሃያ ዓመት ያለፈው ነገር ወጥ ቤት ውስጥ ከእኛ ጋር ቆሞ ነበር። ያን ጊዜ ተናገርነው፤ ቢሮውን፣ ፀሐፊዋን፣ «ሐቅላይ» ማለታችንን። አንደኛችን አለቀሰ። «አንተ ያልከውን አልነገርናትም። ሙያ የሌለው ያደረግንህ እኛ ነን» አልነው።

አባታችን ምድጃውን አጠፋ። «አውቄያለሁ» አለ። «ሐቅላይን ኡልፓን ውስጥ ተምሬዋለሁ፤ ከመጀመሪያዎቹ ቃላት አንዱ ነው። ስትሉት ሰማሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«እኔም ደስ ብሎኛል። እዚህ ማንም ቡዳ እንዳይለኝ ፈልጌ ነበር። አፌ እውነቱን ተናገረ፣ እናንተ ውሸቱን ተናገራችሁ፣ እኔ ደግሞ በውሸቱ አረፍኩ። ብቻ እዚያ ፋብሪካ ውስጥ መዶሻ ሲያርፍ በሰማሁ ቁጥር እጄን ያሳክከኝ ነበር።»

ማንም ማንንም ይቅርታ አላለም። እናታችን «ሦስቱንም መርፌዎቼን ጨረሳችሁ» ብላ ተቆጣች። ግን ለልጇ ማልቀሷን ያቆመችው ያን ለሊት ነው። «እንግዲህ የአባትሽን ሥራ ነው የምትማሪው፣ ይህን እኮ ማንም አልነገረኝም» አለቻት።

ከዚያ ወዲህ ትንሿ በየሁለት ሳምንቱ ስትመጣ የምታጠናው ከአባታችን ጋር ሆነ። እሷ ቁጥሩን ትነግረዋለች፣ እሱ ቀለሙን ይነግራታል። ብረት ተሰብሮ ሲታይ ውስጡ ፍሬ ፍሬ አለው። እሷ «ጋርዒኒም» ትለዋለች፤ እንደምንቆረጥመው ሱፍ ማለት ነው። እሱ ደግሞ «እንደ ጨው ካብረቀረቀ ብረቱ ከልክ በላይ ግሏል፣ ጣለው፤ እንደ አመድ ደቃቅ ከሆነ ጥሩ ነው» ይላል። መጽሐፉም በሌላ ቋንቋ ይህንኑ ነው የሚለው። የፕሮፌሰር ዳን ሼኽትማንንም ነገር ነገረችው፤ የዚያው የቴክኒዮን የሖማሪም ሰው ናቸው። በ1982 አልሙኒየምና ማንጋኒዝ ቀልጦ በድንገት ሲቀዘቅዝ፣ ማንም ሊኖር አይችልም ያለውን የቅንጣት አሰላለፍ በማይክሮስኮፕ አዩ። የሥራ ባልደረቦቻቸው ሳቁባቸው፤ የምርምር ቡድኑንም ልቀቅ ተባሉ። በ2011 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለሙ። አባታችን የወደደው ሽልማቱን አይደለም። «በድንገት ማቀዝቀዝ አልኩሽ እኮ» ነው ያላት።

እናታችንም አልቀረችም። ምጣድ ስትሠራ አሮጌ ገል ፈጭታ ከጭቃው ጋር ትቀላቅል እንደነበር ነገረቻት። ለምን ቢሏት «እሳት ላይ እንዳይሰነጠቅ ነዋ» አለች። ትንሿ ደብተር አውጥታ ጻፈችው፤ የገሉ ቅንጣት ስንጥቁ እንዳይሮጥ መንገዱን ይዘጋበታል አለች። እናታችን ይህን ከእናቷ ስትማር ደብተር የያዘ አልነበረም።

ሥራ ማግኘቱ ቀላል አልነበረም። አንድ ቦታ ለቃለ መጠይቅ ሄዳ፣ በሩ ላይ ያለው ጠባቂ ስሟን እንኳ ሳይጠይቅ የጽዳት ሠራተኞች መግቢያ በኋላ በኩል ነው አላት። ዲፕሎማዋ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር። አላሳየችውም፤ ዞራ ወደ ቤት መጣች፤ ለሁለት ወር ያህልም ሌላ ቦታ አላመለከተችም። ይህንን የምንነግራችሁ ልጆቻችሁ እንዲህ ዓይነት ነገር ደርሶባቸው ዝም ሲሉ «ሰነፍ ሆነ» እንዳትሏቸው ነው።

አሁን የምትሠራው በአንድ ፋብሪካ ላቦራቶሪ ነው። ቀኑ እንዲህ ነው። የተሰበረ ወይም የሚመረመር ዕቃ ይመጣል። ይቆረጣል፤ በብርጭቆ ወረቀት፣ ከሻካራው ወደ ልስልሱ፣ እንደ መስታወት እስኪያበራ ይታሻል፤ አሲድ ይነካል፤ ከዚያ ማይክሮስኮፕ ሥር ይገባል። ሌላው ናሙና በመኪና እስኪበጠስ ይጎተታል። ሌላው በአልማዝ ሹል ይወጋል፤ ጉድጓዱ ትንሽ ከሆነ ብረቱ ጠንካራ ነው። ብዙው ጊዜ ግን ወረቀት መሙላት ነው፣ እውነቱን እንናገር። ማሽን ቢሰበር ሌሊትም ትጠራለች።

ብረት እንደሚደክም ታውቁ ነበር? በዕብራይስጥ ስሙ ራሱ «ሂትዓየፉት» ነው፣ ድካም። አንድ ትልቅ ጭነት አይደለም የሚሰብረው፤ ትንሿ ጭነት ሚሊዮን ጊዜ ስትመላለስበት ነው። ስንጥቁ በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ሲሄድ፣ ባሕር ዳር አሸዋ ላይ ማዕበል እንደሚተወው ያለ መስመር ይተዋል። ትንሿ መስመሩን ተከትላ ስንጥቁ ከየት እንደጀመረ ታገኛለች። እኛ በኦቬድ ሶትስያሊ ሥራችን እንዲህ ያለ ማይክሮስኮፕ ቢኖረን ብለን ቀንተንባታል።

ባለፈው ዓመት ከባድ ነገር ገጠማት። አዲስ በዚንክ የተለበጡ ብሎኖች መጡ። ጥንካሬያቸው ተለክቶ ትክክል ነው፤ ቁጥሩ ሁሉ ያማረ ነው። አንዱ ግን ከጠበቀ በኋላ በማግስቱ፣ ማንም ሳይነካው፣ ራሱ ተሰበረ። ስብራቱን ስታየው ፍሬዎቹ እርስ በርሳቸው ተላቀዋል። ሃይድሮጂን ነው ብላ ጠረጠረች። ብሎን ሲለበጥ በፊት በአሲድ ይታጠባል፤ ያን ጊዜ ሃይድሮጂን ወደ ብረቱ ይገባል፤ ቶሎ ምድጃ ውስጥ ገብቶ በ200 ዲግሪ ገደማ ለሰዓታት ካልተጋገረ አይወጣም። ጠንካራ ብረት ላይ ሲሆን ደግሞ ቆይቶ ነው የሚሰብረው። አለቃዋ «አንድ ብሎን ነው፣ ፈርሚ፣ ዕቃው ዛሬ መውጣት አለበት» አላት። አልፈርምም አለች። ዓርብ ማታ ፊቷ ጠቁሮ መጣች። «ከሥራ ሊያስወጡኝ ይችላሉ» አለች።

አባታችን «ስትመቺው ድምፁ እንዴት ነው?» አለ። ድምፁ ደህና ነው አለችው። «እንግዲያ በድምፅ የማይያዝ ነው» ብሎ አሰበ። ከዚያ እንዲህ አላት። «እኔ የሠራሁት ማረሻ እርሻ መሃል ቢሰበር ሰውየው 'ብረቱ ክፉ ነው' አይልም። 'ቡዳው ነው' ይላል። ስለዚህ ያልፈተንኩትን ከእጄ አውጥቼ አላውቅም። ድንጋይ ላይ እመታዋለሁ፣ አድራለሁ፣ ደግሞ እመታዋለሁ። አንቺንም ቢሰበር ማንን እንደሚሉ ታውቂያለሽ።»

እሑድ ሄዳ ብሎኖቹ ተጠብቀው ለ200 ሰዓት እንዲቆዩ ጠየቀች። አለቃዋ አኮረፈ፤ ግን በጽሑፍ ስለጠየቀችው እምቢ ማለት አልቻለም። በሁለተኛው ቀን ሦስቱ ተሰበሩ። ጭነቱ በሙሉ ተመለሰ። ማንም አላመሰገናትም፤ አለቃዋ ግን ከዚያ ወዲህ «ፈርሚ» አይላትም፣ «ምን ይመስልሻል?» ነው የሚላት።

አባታችን ጡረታ ከወጣ ቆይቷል። ጉልበቱን ባለፈው ዓመት አስቀየረ። ትንሿ ከምን እንደተሠራ ጠይቃ ነገረችው፤ አሁን መርከዝ ዮም የሚያገኘውን ሽማግሌ ሁሉ «ኮባልት ነው ወይስ ሌላ?» እያለ ይጠይቃል አሉ።

ወደዚያ መርከዝ ዮም ሲመዘገብ ቅጹን የሞላንለት እኛ ነን። ስም፣ የልደት ዓመት፣ የመጣበት ዓመት። አራተኛው መስመር ላይ «የቀድሞ ሙያ» ይላል። በዚያ ቢሮ እንደነበረው ሁሉ አጠገቡ ተቀምጠናል፤ አሁን ግን ዕድሜያችን አርባን አልፏል፣ ቃሉንም እናውቀዋለን። «ነፓሕ» ብለን ጻፍን። አባታችን አንገቱን ሰገግ አድርጎ አየው።

«ምን አላችሁ?»

ነገርነው። ቃሉን ሁለት ጊዜ በአፉ ሞከረው።

«ሐቅላይም ጨምሩበት» አለ። «ያቺ ቁራሽ መሬትም የእኔ ነበረች።»

መስመሩ ጠባብ ስለነበር ሁለቱን ቃላት አጠጋግተን ጻፍናቸው።